ከደንገጎ ሲወርድ የሚንቀጠቀጥ ፒካፕ፦ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በፒካፕ የሚመላለስ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። አወዳይንና ሐሮማያን አልፎ ደንገጎ እስኪደርስ መኪናው ሰላም ነው። ቁልቁለቱ ተጀምሮ ጥቂት ኩርባ ሲታለፍ ግን፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪው እጅ ላይ መርበትበት ይጀምራል። ፔዳሉ እግርን ይመታል። ጭነት ካለ ዳሽቦርዱ ሳይቀር ይንዘፈዘፋል። ድሬ ተደርሶ ጋራዥ ሲገባ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ዲስኩ ተጣሟል፣ ይቀየር።»

ዲስክ ይገዛል። ንዝረቱ ይጠፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ንዝረት ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቱ ዕቃው ፎርጂድ ነው ብሎ ሻጩን ይረግማል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን የመጀመሪያውን ዲስክ ያበላሸው ምክንያት አልተነካም ነበር፤ አዲሱንም ያበላሸው እሱ ነው።

ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው። የአንድ ጥንድ ዲስክና ሸራ ዋጋ ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሳይለካ መቀየር የለበትም። መካኒክ ባትሆኑም ነገሩ ከገባችሁ ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ዲስኩ ላይ በእርግጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

የፊት ፍሬን አሠራር ቀላል ነው። ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ዲስክ አለ። ከውስጥና ከውጭ ሁለት ሸራዎች አሉ። ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን የሚይዘው አካል) ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል። ሸራዎቹ ዲስኩን ከሁለት በኩል ጨብጠው ይይዙታል።

ዲስኩ ዙሪያውን እኩል ውፍረት ካለው መኪናው ለስልሶ ይቆማል። አንድ ቦታ ላይ ወፈር፣ ሌላ ቦታ ላይ ሳሳ ካለ ግን ወፍራሙ ክፍል ሲያልፍ ሸራዎቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ስሱ ሲደርስ ይመለሳሉ። ይህ መግባትና መውጣት በዘይቱ በኩል ፔዳላችሁ ድረስ ይመጣል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ የፒካፕ ጎማ በሰከንድ 7 ጊዜ ያህል ይዞራል። እግራችሁን የሚመታው እሱ ነው።

አስገራሚው ነገር ልዩነቱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ነው። 0.02 ሚሊሜትር አካባቢ የውፍረት ልዩነት ለመንቀጥቀጥ በቂ ነው። ይህ በዓይን አይታይም፣ በጣትም አይያዝም። ስለዚህ ዲስክን ዳበስ አድርጎ «ተጣሟል» ወይም «ደህና ነው» ማለት ግምት ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ዲስኩ ሲዞር ወደ ጎን ሲወላገድ ነው። ዲስኩ ራሱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ አቀማመጡ ግን ቀጥ አላለም። ከሚቀመጥበት የጎማ እምብርት ጋር በሚገናኝበት ፊት ላይ ዝገት ወይም ቆሻሻ ካለ፣ ያቺ ቅንጣት ከመሃል ወደ ዳር ስትደርስ ጨምራ ትታያለች። እንዲህ ያለው ዲስክ ፍሬን ባልተያዘበት ሰዓት እንኳ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታው ሸራውን ነካ ያደርጋል። መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማም። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲነካካ ያ ቦታ ይሳሳል። አዲስ ዲስክ ወር ሁለት ወር ደህና ሠርቶ ከዚያ የሚንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጥፋቱ የተሠራው በተገጠመበት ቀን ነው፤ የታየው ግን ዘግይቶ።

ሁለተኛው መንገድ ሙቀት ነው። ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል ከራሱ ቁስ ዲስኩ ላይ ይለጥፋል። እኩል ቢለጥፍ ችግር የለውም። አንድ ቦታ ላይ በዛ ብሎ ከለጠፈ ግን ያ ቦታ ይወፍራል፤ ከሌላው በበለጠም ይይዛል። ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ነጠብጣብ የምታዩት እዚያ ላይ ነው።

ቁልቁለቱ የሚሠራው ሥራ

ሙቀቱን ለመረዳት አገሩን ማየት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሐረር 1,880 ገደማ ናት። ደንገጎ ደግሞ ከሐረርም ከፍ ይላል። የጅቡቲው ባቡር ሲዘረጋ የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ተራራውን መውጣት ከባድና ውድ ስለሆነ ሐዲዱ ሜዳውን ይዞ ቀረ፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ከሥር ተቆረቆረች። ለባቡር የከበደውን ያንን ገደል ዛሬ ፒካፑ በየቀኑ ይወርደዋል።

ከነጭነቱ 2.5 ቶን የሚመዝን ፒካፕ 700 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 17 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህ 50 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ የተወሰነውን ነፋስና ሞተሩ ይወስዱታል። ሾፌሩ በቀላል ማርሽ (በአራተኛ ወይም በአምስተኛ) ወይም ፍሪ አድርጎ ከወረደ ግን አብዛኛው ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ከዚያም ውስጥ የፊት ፍሬን ትልቁን ድርሻ ይሸከማል። ታች ስትደርሱ ደግሞ የምታገኙት አየር የድሬ አየር ነው፤ ለማቀዝቀዝ አይረዳም።

መኪናውን ሳትፈቱ መለየት

አንድ ጥያቄ ሁሉንም ይቀድማል፦ የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ስትይዙ ብቻ ነው ወይስ ሳትይዙም? ሳትይዙም በተወሰነ ፍጥነት ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ ዲስክ አትሂዱ። ጎሚስታ ጋ ሂዱና ባላንስ አስደርጉ። የተጎዳ ቸርኬና ያበጠ ጎማም ይታይላችሁ።

ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከሆነ የት እንደሚሰማችሁ አስተውሉ። መሪው ላይ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከፊት ነው። መሪው ጸጥ ብሎ ወንበሩና አካሉ ከተንቀጠቀጠ ከኋላ ሊሆን ይችላል። ፔዳል ብቻውን ግን አያስታውቅም፤ ከፊትም ከኋላም ሊመጣ ይችላል።

የኋላውን ለመለየት ጥሩ ዘዴ አለ። ሰውም መኪናም በሌለበት ደረቅ ሜዳ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየሄዳችሁ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። በእጃችሁ የሚለቀቅ እንዲሆን የእጅ ፍሬኑ ጫፍ ላይ ያለውን መልቀቂያ ተጭናችሁ ያዙት። በብዙ ፒካፖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ከተንቀጠቀጠ የኋላው ታምቡር (በብዙ ፒካፖች ከኋላ በዲስክ ፋንታ ያለው ከበሮ መሰል ብረት) ክብነቱን አጥቷል ማለት ነው። ይህን በኩርባ ወይም በቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አትሞክሩት።

ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው መኪና ደግሞ በጠጠር ወይም በእርጥብ መንገድ ላይ በኃይል ሲረገጥ ፔዳሉ ይንተከተካል። ያ የጤና ነው። ለስላሳ አስፋልት ላይ ቀስ ብላችሁ ስትይዙም የሚመታ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አለ።

ንዝረቱ ሲግል ብቻ የሚመጣ መሆኑን ወይም ጠዋት ገና ሳይሞቅም መኖሩን መዝግቡ። ለመካኒኩ ይህን ብትነግሩት ግማሽ ሥራ ቀለለለት። «ይንቀጠቀጣል» ብቻ ካላችሁት ግን ከመገመት ሌላ ምርጫ አልሰጣችሁትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከንዝረቱ ጋር ፔዳሉ እየሰመጠ ከሄደ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ፣ ብረት በብረት የሚፋጭ ድምፅ ወይም የማረር ሽታ ካለ ደንገጎን አትውረዱ። የፔዳል መስመጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያረጀ የፍሬን ዘይት ፈልቶ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ዘይት የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ እርጥበት የጠጣው ግን እስከ 140 ድረስ ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ለዚህ መንገድ ቅንጦት አይደለም።

ጎማው ሲወልቅ

መኪናው ጠፍጣፋ መሬት ላይ ይቁም። ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ ማቆሚያ ይደገፍበት።

ጎማው ሳይወልቅ በፊት ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተላወሰ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም ቦልጆይንቱ (ጎማው የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ) አልቋል። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትወዘውዙ ከተላወሰ ታይሮዱን (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ዘንግ) ጠርጥሩ። ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ጎሚኒዎች ካለቁም ትንሽ ንዝረት ትልቅ ሆኖ ይሰማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። የላላ ኩሽኔታ ላይ የተገጠመ አዲስ ዲስክ የባከነ ገንዘብ ነው፤ እየተወላገደ ስለሚዞር ያው ስስ ቦታ ይፈጠርበታል።

ጎማው ከወለቀ በኋላ ሸራዎቹ ይታዩ። የውስጠኛውና የውጭኛው ሸራ እኩል ማለቅ አለባቸው። አንዱ አልቆ ሌላው ካለ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል ወይም ፒስተኑ ተጣብቋል። የተጣበቀ ካሊፐር እግራችሁን ካነሣችሁ በኋላም ዲስኩን ይዞ ይሄዳል። መንገዱን ሁሉ ሲግል ይውላል። የምሥራቁ አቧራ በተቀደደ የፒኖቹ ላስቲክ ሽፋን በኩል ገብቶ ይህን በፍጥነት ያመጣል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ፒኖቹን ማጽዳት፣ ለፍሬን የተሠራ ሙቀት የሚችል ግራሶ መቀባት፣ የተቀደደ የላስቲክ ሽፋን መቀየር። ተራ ግራሶ አይቀባ፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል።

የፍሬን አቧራ በኮምፕረሰር አይነፋ። አንዳንድ አሮጌና ርካሽ ሸራ ውስጥ አዝቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ሳንባን የሚጎዳ ነገር ነው። በውሃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ይህን ለራሳቸው ለመካኒኮቹ ስል ነው የማነሣው። ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው።

አሁን መለካት። ሁለት መሣሪያ ያስፈልጋል። አንዱ ማይክሮሜትር ነው፤ በዲስኩ ዙሪያ ስምንት ቦታ ላይ፣ ከዳሩ እኩል ገባ ብሎ ውፍረቱ ይለካል። ትልቁና ትንሹ ቁጥር ሲቀናነሱ የውፍረት ልዩነቱ ይገኛል። ሌላው ቀስት ያለው ዲያል ጌጅ ነው። ዲስኩ በዳዶ እምብርቱ ላይ ይጠብቅና፣ የጌጁ ጫፍ ፊቱን እንዲነካ ተደርጎ ዲስኩ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል። ቀስቱ የሚወዛወዘው የጎን መወላገዱን ያሳያል። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ነው።

መወላገዱ ከልክ ካለፈ ጥፋተኛው ማን ነው? ዲስኩ ወይስ እምብርቱ? ከፍ ያለው ቦታ ላይ በኖራ ወይም በቀለም ምልክት ይደረግ። ዲስኩ ይውጣና ሁለት ቀዳዳ ያህል ዞሮ እንደገና ይገጠም። ከፍ ያለው ቦታ ከዲስኩ ጋር ከዞረ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። በነበረበት ከቀረ የእምብርቱ ወይም የኩሽኔታው ነው። አንዳንዴ ደግሞ ዲስኩን በሌላ ቀዳዳ ማስገባት ብቻ ሁለቱን ስሕተቶች ያጣፋቸዋል። ምንም ሳይገዛ ይድናል።

እነዚህ መሣሪያዎች በየጋራዡ አይገኙም። ቶርኖ ቤት ግን አይጠፉም። የምድር ባቡር ወርክሾፕ በነበረበት ከተማ ብረት የሚለካና የሚያስተካክል ባለሙያ ማግኘት ይቻላል። መካኒኩን በአክብሮት «ወንድሜ፣ ከመቀየርህ በፊት ለክተህ ቁጥሩን ንገረኝ» በሉት። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይከፋም።

ማዳን ወይስ መቀየር

እያንዳንዱ ዲስክ ላይ፣ ከዳሩ ወይም ከመሃሉ ጉብታ ላይ፣ ዝቅተኛው የሚፈቀድ ውፍረት ተቀርጿል። ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ ይጣላል፤ ክርክር የለውም። ስንጥቅ ያለውም እንዲሁ። ከዚያ በላይ ካለና በቶርኖ ተላጭቶም ከልኩ በታች የማይወርድ ከሆነ መላጨት ይቻላል። ሁለቱም ፊት መላጨት አለበት። ሠራተኛው ዲስኩን የሚያስረው በእምብርቱ ላይ በሚያርፍበት ፊት ይሁን፤ ያ ፊት አስቀድሞ ይጽዳ። ተላጭቶ እስከ ጫፉ የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል። ስለዚህ ለዚህ ቁልቁለት ልኩ አፋፍ ላይ የደረሰን ዲስክ እኔ ብሆን አልመልሰውም። የሚቀየረው ደግሞ ግራና ቀኙ አብሮ ነው።

አሮጌም ይሁን አዲስ ዲስክ ከመገጠሙ በፊት የእምብርቱ ፊት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይጽዳ። በተለይ በብሎኖቹ ዙሪያ። አዲስ ዲስክ ላይ የተቀባው የዝገት መከላከያ ዘይት በፍሬን ማጽጃ ይታጠብ። ይህ ሥራ ለአንድ ጎማ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በአብዛኛው የሚዘለለውም እሱ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ለመካኒካችሁ የምትነግሩ ከሆነ ይህን ንገሩት።

ቀጥሎ ዳዶ ነው። አቦ፣ ዳዶ ማጥበቅ ምን ጥበብ ይፈልጋል የሚል አይጠፋም። ይፈልጋል። በአየር መፍቻ አንዱን ዳዶ እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ጎረቤቱ መሄድ ዲስኩን ወደ አንድ ጎን ያስጨንቀዋል። ዲስኩ በጋለ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። ስድስት ዳዶ ካለ ፊት ለፊት እየተሻገሩ፣ መጀመሪያ ለስለስ አድርጎ፣ በሁለተኛ ዙር በልኩ ማጥበቅ ነው። ልኩ በብዙ ፒካፖች ከ100 እስከ 140 ኒውተን ሜትር መካከል ነው፤ የእናንተን ከመኪናው ማኑዋል እዩ። ጎሚስታ ጋ ጎማ ባስለጠፋችሁ ቁጥርም ይኸው ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና አስፈትሹ።

ባሌስትራ ያስጨመራችሁ

ይህ በእኛ አገር ብዙ የሚታይ፣ ግን ከፍሬን ጋር የማይያያዝ የሚመስል ጉዳይ ነው። ጭነት የሚያበዛ ፒካፕ ባለቤት ከኋላ ተጨማሪ የባሌስትራ ቅጠል ያስገባል። ኋላው ከፍ ይላል፤ ጭነት ሲጫንም አይሰምጥም።

በብዙ ሃይሉክሶችና መሰሎቻቸው ሥር ግን ከኋላው አክሰል ጋር በዘንግ የተያያዘች አንዲት ቫልቭ አለች። ሥራዋ ጭነቱን መገመት ነው። ኋላው ዝቅ ሲል «ተጭኗል» ብላ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትለቃለች። ኋላው ከፍ ሲል «ባዶ ነው» ብላ ትቀንሳለች፤ ባዶ ፒካፕ በኃይል ሲያዝ የኋላ ጎማው እንዳይንሸራተት። ባሌስትራ ሲጨመር ቫልቭዋ ትታለላለች። መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ እንኳ ባዶ ይመስላታል። የኋላ ፍሬን ይሰንፋል። የፊቱ የሁለቱንም ሥራ ይሸከማል። ይግላል፤ ዲስክ ይበላል።

ባሌስትራ የጨመረ ሰው የቫልቭዋን ዘንግ በአዲሱ ከፍታ ልክ ማስተካከል አለበት። በሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ይሠራ፤ ከልክ ያለፈ ግፊት ኋላውን ያንሸራትታል። ፊት ዲስክ በተደጋጋሚ የሚበላባችሁ፣ የኋላው ሸራ ግን ዓመታት የማያልቅባችሁ ከሆነ ይህን መጀመሪያ አስዩ።

ከተሠራ በኋላ

አዲስ ሸራና ዲስክ እርስ በርስ መለማመድ አለባቸው። በመጀመሪያው ቀን ደንገጎን መውረድ ከሁሉ የከፋው ነው። ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ ከድሬ ወደ መልካ ጀብዱ በኩል ወጣ ብላችሁ፣ መኪና ሳይበዛ በማለዳ፣ ከ50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት እስከ 20 ድረስ መካከለኛ በሆነ ኃይል አብርዱ። ሙሉ በሙሉ አታቁሙ። ትንሽ ሄዳችሁ ድገሙት፤ አሥር ጊዜ ያህል። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ ጥቂት ኪሎ ሜትር እየነዱ ማቀዝቀዝ። ሸራው በዲስኩ ዙሪያ እኩል የሆነ ስስ ሽፋን የሚያነጥፈው በዚህ ጊዜ ነው።

ቁልቁለቱን ስትወርዱ ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይሆናል። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩኽ። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ፍሬኑን እግር አሳርፎ እያሹ ከመውረድ ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ይሻላል። በለቀቃችሁበት ጊዜ ነፋስ ዲስኩን ያበርዳል።

ታች ኬላ ላይ ወይም ሰው ለማውረድ ስትቆሙ ፍሬኑ ገና እንደጋለ ነው። ፔዳሉን ረግጣችሁ አትቆዩ፤ ሸራው በዚያች ቦታ ላይ ቅርጹን ያትማል። የእጅ ፍሬኑንም በጋለ ታምቡር ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ አትሳቡ፤ ሲበርድ ክብነቱን ያጣል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ሜዳው ላይ ሞተሩን አጥፍታችሁ ማርሽ አስገቡና ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ከቁልቁለቱ በቀጥታ ላቫጆ አትግቡ። በጋለ ዲስክ ላይ የሚረጭ ቀዝቃዛ ውሃ ሊሰነጥቀው ይችላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቁም፤ እጃችሁን ወደ ቸርኬው ስታስጠጉ የሚገርፍ ሙቀት ከሌለ ያኔ ይታጠብ።